የመስኖ ሞተር ቱቦ መገጣጠሚያ አመራረጥና አፈታተሽ፦ ለመጋቢት የሚሆነውን በጥቅምት ማረጋገጥ



በአንበሳሜ ዙሪያ፣ በጉማራ ወንዝ ግራና ቀኝ እንዲሁም በጣና ዳር ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ድንችና የእሸት በቆሎ በበጋ ለማልማት አነስተኛ የውሃ ሞተር በስፋት ሥራ ላይ ይውላል። ሞተር ሲገዛ ስለ ጉልበቱና ስለ ነዳጅ ፍጆታው ብዙ ይጠየቃል። ቱቦውን ከሞተሩ፣ ቱቦን ከቱቦ የሚያያይዘው መገጣጠሚያ ግን በመጨረሻ በተረፈው ገንዘብ የሚገዛ ዕቃ ሆኖ ይቀራል። ሞተሩ "አልስብም" ብሎ የመስኖ ተራ ሲያልፍ፣ ሽንኩርቱ ራስ በሚቋጥርበት ሳምንት ሲጠማ፣ ጥፋቱ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ትንሽ ዕቃ ላይ ነው።

ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ለመስመራችሁ የሚስማማውን መገጣጠሚያ መምረጥ፣ ከመስኖ ወቅት በፊት መፈተሽና ለልማት ቡድናችሁ አባላት ማሳየት እንድትችሉ ይጠበቃል።

1. መስመሩ ሁለት ወገን አለው

ከውሃው እስከ ሞተሩ አፍ ያለው የመሳቢያ ወገን ነው። ከሞተሩ እስከ ማሳው ያለው ደግሞ የመግፊያ ወገን ነው። ሁለቱ የሚያፈሱት በተለያየ መንገድ ስለሆነ መገጣጠሚያቸውም ፍተሻቸውም አንድ አይደለም።

በመግፊያ ወገን በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ይበልጣል። ቀዳዳ ካለ ውሃው ወደ ውጭ ይወጣል፤ በዓይን ይታያል። አንዲት ጣሳ አንድ ሊትር የምትይዝ ከሆነችና በሚንጠባጠበው ውሃ በአንድ ደቂቃ ከሞላች፣ በሰዓት 60 ሊትር ይባክናል ማለት ነው። በደቂቃ 400 ሊትር ለሚያወጣ ሞተር ይህ ብዙ አይደለም። በዚህ ወገን ዋናው አደጋ መንጠባጠቡ ሳይሆን መገጣጠሚያው በግፊት ተፈናጥሮ መውጣቱ ነው።

በመሳቢያ ወገን ነገሩ ይገለበጣል። በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያነሰ ስለሆነ ቀዳዳው ውሃ አያፈስም፤ አየር ይስባል። መሬቱ አይረጥብም፣ ምንም የሚታይ ነገር የለም። ነገር ግን የመርፌ ቀዳዳ ያህል ክፍተት እንኳ ሞተሩ ውሃ እንዳያነሳ ወይም ካነሳ በኋላ እንዲያቋርጥ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ገንዘባችሁ ለአንድ ጥሩ መገጣጠሚያ ብቻ የሚበቃ ከሆነ በመሳቢያው ወገን አውሉት።

2. በኅዳር የሠራው በመጋቢት ለምን ይከዳል?

ሞተር ውሃን "ጎትቶ" አያወጣም። በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ያሳሳል፤ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው በወንዙ ላይ የተጫነው የውጭ አየር ነው። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ክብደት ውሃን ቢበዛ እስከ 10.3 ሜትር ድረስ ሊያቆም ይችላል። ጣና ሐይቅ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,786 ሜትር ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ የሚችለው ወደ 8.3 ሜትር ብቻ ነው። ከሐይቁ ዳር ወደ ደጋው በወጣችሁ ቁጥር ደግሞ ይቀንሳል።

በሞተሩ ላይ "የመሳብ ከፍታ 8 ሜትር" ተብሎ ከተጻፈ የተለካው በባሕር ጠለል ነው። እኛ ዘንድ ከዚያ ላይ 2 ሜትር ቀንሱ። ወንፊቱና ቱቦው የሚይዙት ድርሻ ሲታሰብ፣ አስተማማኝ ሥራ የሚገኘው ከውሃው ወለል እስከ ሞተሩ ያለው ቀጥተኛ ከፍታ ከ5 ሜትር ሳይበልጥ ነው። የቤንዚን ሞተር ጉልበትም በዚህ ከፍታ ወደ አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል።

አሁን የወንዙን ጠባይ አስቡ። በኅዳር የጉማራ ውሃ ገና ከፍ ያለ ነው፤ ሞተሩ 2 ሜትር ብቻ ሊስብ ይችላል። በየካቲትና በመጋቢት ውሃው ወደ ታች ሲወርድ ያው ሞተር፣ በዚያው ቦታ ቆሞ፣ 4 ወይም 5 ሜትር መሳብ ይገደዳል። በቱቦው ውስጥ ያለው የመሳብ ኃይል ወደ እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ስለሚጨምር፣ በኅዳር ድምፁ ያልተሰማው ትንሽ ክፍተት በመጋቢት ብዙ አየር ያስገባል። የሰብሉ ውሃ ፍላጎት በሚበረታበት፣ ወንዙ በሚያንስበትና ተራ በሚጠብቅበት ጊዜ ማለት ነው። መገጣጠሚያ የሚመረጠውና የሚፈተሸው በኅዳር ላለው ውሃ ሳይሆን በመጋቢት ለሚጠብቀው ከፍታ ነው የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

ውሃው ሲወርድ ሞተሩን ተከትላችሁ አውርዱት፤ በወንዙ ዳር ጠፍጣፋ መደብ ቆርጣችሁ አስቀምጡት። ሞተር ወደ ላይ 20 ሜትር መግፋት ይችላል፣ ወደ ላይ 7 ሜትር መሳብ ግን አይችልም። ሆኖም የሚሠራ ሞተር በምንም ምክንያት ወደ ጉድጓድ ወይም ወደ ጥልቅ ቦይ ውስጥ አታውርዱ። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው መርዛም ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በጉድጓድ ውስጥ ተከማችቶ በደቂቃዎች ውስጥ ሰው ይገድላል። የወደቀውን ለማውጣት የገባውንም ይጨምራል።

3. መገጣጠሚያ ከመግዛታችሁ በፊት የሚጠየቁ አምስት ጥያቄዎች

ሀ. የሚያያዘው ጫፍ ምን ዓይነት ነው? ጫፉ ጥርስ ያለው፣ ለስላሳ ቱቦ ወይም በቡሎን የሚታሰር ሰፊ ከንፈር ሊሆን ይችላል። ጥርስ ያለው ከሆነ ጥርሱ ከውስጥ ነው ወይስ ከውጭ? በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራባቸው ሁለት የቧንቧ ጥርስ ዓይነቶች አሉ፤ የእንግሊዙና የአሜሪካው። በ2 ኢንች ላይ የእንግሊዙ በአንድ ኢንች ርዝመት 11 ጥርስ ሲኖረው የአሜሪካው 11 ተኩል አለው። በዓይን አይለዩም። ሁለቱን ብታጋጥሙ ሁለት ሦስት ዙር ገብቶ ይነክሳል፤ የጠበቀ ይመስላል፣ አየር ግን ያስገባል። ስለዚህ የድሮውን መገጣጠሚያ ወይም የሞተሩን ክዳን ይዛችሁ ወደ ገበያ ሂዱ፤ ከሱቁ ሳትወጡም በእጅ አዙራችሁ ሞክሩት። ትክክለኛው ጥርስ ያለ መፍቻ በእጅ ብቻ ብዙ ዙር በልስላሴ ይገባል።

ለ. ስፋቱ ስንት ነው? የመሳቢያው ቱቦና መገጣጠሚያው ከሞተሩ አፍ መጥበብ የለባቸውም። ባለ 3 ኢንች ሞተር ላይ ባለ 2 ኢንች መሳቢያ መግጠም ለሞተሩ ጉሮሮውን ማነቅ ነው። በመግፊያው ወገን ማጥበብ ይቻላል፤ ውሃው ግን ይቀንሳል።

ሐ. ስንት ግፊት ይችላል? አሥር ሜትር ወደ ላይ መግፋት ወደ 1 ባር ግፊት ነው ብላችሁ አስሉ። ማሳው ከሞተሩ 12 ሜትር ከፍ ቢልና የቱቦው ርዝመት የሚወስደው ድርሻ 6 ሜትር ቢሆን፣ በድምሩ 18 ሜትር ወይም 1.8 ባር ይሆናል። በፕላስቲክ ቧንቧ ላይ "ፒኤን 6" ተብሎ ከታተመ 6 ባር፣ "ፒኤን 10" ከሆነ 10 ባር ይችላል ማለት ነው፤ ፀሐይ ሲያግለው ግን አቅሙ ይቀንሳል። የመስመሩ አቅም የሚለካው በደካማው ዕቃ ነው። ቧንቧው 6 ባር ቢችል ፋሸታው 2 ባር ላይ የሚለቅ ከሆነ መስመራችሁ የ2 ባር መስመር ነው።

መ. ጎሚኒው ከምን የተሠራ ነው? ተራ የተፈጥሮ ጎማ ቤንዚን፣ ናፍጣ ወይም ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይልማል። በሞተሩ አቅራቢያ ለሚገባ ጎሚኒ ናይትራይል የሚባለው ጎማ ይመረጣል። ጎሚኒው ያልተሰነጠቀ፣ ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሳ መሆን አለበት። ከከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ ከውጭ ጠቅልሎ ማሰር የዕለቱን ሥራ ሊያደርስ ይችላል፤ ነገር ግን ጥፋቱን ይሸፍነዋል እንጂ አይጠግነውም።

ሠ. በየቀኑ ይፈታል ወይስ ወቅቱን ሙሉ ይቆያል? ሞተሩን ማታ ማታ ወደ ቤት የምትወስዱ ከሆነ በየቀኑ በመፍቻ የሚፈታና የሚጠብቅ ጥርስ ቶሎ ያልቃል። ለዚህ ባለ ሁለት ጆሮው ፈጣን መገጣጠሚያ፣ ካምሎክ የሚባለው፣ ይሻላል። ጆሮዎቹ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ መታጠፋቸውንና ጎሚኒው በቦታው መኖሩን በየጊዜው እዩ፤ ጆሮዎቹን በገመድ እሰሩ። ወቅቱን ሙሉ ለሚቆይ መስመር ግን ጥርስ ያለው ወይም በቡሎን የሚታሰረው ይበልጥ አስተማማኝ ነው።

ሲገጠም የሚደረግ ጥንቃቄ፦

በመሳቢያው ቱቦ ጫፍ ላይ አንድ ሳይሆን ሁለት ፋሸታ አድርጉ፤ የሁለቱ መጥበቂያ ብሎን በተቃራኒ ጎን ይሁን። በሽቦ ማሰር ቱቦውን ይቆርጠዋል፤ ዙሪያውንም እኩል አይጫነውም። ቴፍሎን ስትጠቀልሉ ጥርሱ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ጠቅልሉ። በጎሚኒ የሚዘጋ መገጣጠሚያ ቴፍሎን አያስፈልገውም። የሞተሩ አፍ አሉሚኒየም ከሆነ ከመጠን በላይ አታጥብቁት፤ ይሰነጠቃል። በማጣበቂያ የተያያዘ የፕላስቲክ ቧንቧ ግፊት ከመቀበሉ በፊት አንድ ቀን ይደር። የመሳቢያው ቱቦ ከውሃው ወደ ሞተሩ ያለማቋረጥ እየወጣ ይሂድ፤ በመካከል ጉብታ ካለ አየር እዚያ ይጠራቀማል።

4. የመፈተሻ ታፖ አመራረጥ

ፍተሻ ማለት የቱቦውን ጫፍ ዘግቶ ውሃ መሙላትና መጠበቅ ነው። በቧንቧና በፓምፕ ፋብሪካዎችም ሥራው በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ለዚያ የሚሆን የመዝጊያ መገጣጠሚያ የሚመርጡት እንደ ጫፉ ቅርፅና እንደ ግፊቱ መጠን ነው። እናንተም ይህንኑ ተከተሉ።

ጥርስ ላለው ጫፍ ጥርሱ የሚገጥም ታፖ፣ ለካምሎክ የካምሎክ ክዳን፣ ለለስላሳ ቱቦ ደግሞ ኒፕል አስገብቶ በሁለት ፋሸታ ማሰርና በኒፕሉ ጥርስ ላይ ታፖ ማድረግ ነው። እንጨት ወይም ጨርቅ ጠቅጥቆ መዝጋት ፍተሻ አይደለም። ታፖው ራሱ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ጥፋቱን በደህናው ቱቦ ላይ ታላክካላችሁና ያለ ጥፋቱ ትጥሉታላችሁ። ስለዚህ አስቀድማችሁ ታፖውን ደህና መሆኑን በምታውቁት አጭር ቱቦ ላይ ሞክሩት። ሌላው ቁም ነገር፣ ታፖው መዝጋት ያለበት በሥራ ጊዜ መገጣጠሚያው በሚዘጋበት በዚያው ቦታ ላይ ነው። የካምሎኩን ጎሚኒ ለመፈተሽ ካምሎኩን አውልቃችሁ ቱቦውን ብቻ ብትዘጉ ጎሚኒው አልተፈተሸም።

5. የመሳቢያው ወገን ፍተሻ

የመጀመሪያው ደረጃ ሞተሩ ሳይነሳ ነው።

1ኛ. ወንፊቱን አውልቁና የታችኛውን ጫፍ በታፖ ዝጉ። ፉት ቫልቭ ካለው ግን አታውልቁት፤ እሱም አብሮ ይፈተሻል።
2ኛ. ቱቦውን በወንዙ ዳር ቁልቁለት ላይ ወይም በዛፍ ላይ አንሡት፤ የላይኛው ጫፍ ከታችኛው በ4 ሜትር ያህል ከፍ ይበል።
3ኛ. በውሃ ሙሉት፤ አረፋው እንዲወጣ በእጅ እያንኳኳችሁ እስከ አፉ ድረስ ሙሉ።
4ኛ. መገጣጠሚያዎቹን በጨርቅ አድርቁና 15 ደቂቃ ጠብቁ። የረጠበ መገጣጠሚያ በሥራ ጊዜ አየር የሚያስገባው እሱ ነው። መገጣጠሚያው ሁሉ ደርቆ ሳለ የላይኛው ውሃ ከወረደ ደግሞ ፉት ቫልቩን ወይም የቱቦውን አካል መርምሩ።

ሁለተኛው ደረጃ ሞተሩ እየሠራ ነው። አንዳንድ ጎሚኒ ከውስጥ ሲገፋ ይዘጋል፣ ሲሳብ ግን ይከፈታል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ፍተሻ ብቻውን አይበቃም። ሞተሩን በመጋቢት ሊኖር በሚችለው ከፍታ ላይ አስቀምጡት፤ ባለፈው ዓመት ውሃው የወረደበትን ቦታ ለክታችሁ ወይም አስታውሳችሁ ከዚያ ጋር አስተካክሉ። ከ5 ሜትር ግን አይለፍ። ሞተሩ ውሃ ሲያወጣ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ ወፍራም የሳሙና አረፋ ቀቡ። አረፋው ወደ ውስጥ ከተሳበ ጥፋቱ እዚያ ነው። ሌላው ዘዴ የራሰ ጨርቅ በየመገጣጠሚያው በተራ መጠቅለል ነው፤ ጨርቁ ሲጠቀለል የውሃው አወጣጥ ከተሻለ ቦታው ተገኝቷል።

መገጣጠሚያው ሁሉ ደህና ሆኖ ሞተሩ አሁንም አየር ከሳበ፣ በሞተሩና በፓምፑ መካከል ያለው ማኅተም አልቆ ሊሆን ስለሚችል መካኒክ ይየው። በጣና ዳር ለምትሠሩ ደግሞ እምቦጭና ሌላ አረም ወንፊቱን ሲዘጋው ምልክቱ ከአየር መሳብ ጋር ስለሚመሳሰል አስቀድማችሁ ወንፊቱን አጽዱ።

6. የመግፊያው ወገን ፍተሻ

በዚህ ፍተሻ ግፊቱ በሥራ ጊዜ ከሚኖረው በአንድ ተኩል እጥፍ ይሁን። ከላይ በጠቀስነው ምሳሌ የሥራው ግፊት 1.8 ባር ስለሆነ የፍተሻው 2.7 ባር ይሆናል። በመስመሩ ካሉት ዕቃዎች አንዱ ይህን የማይችል ከሆነ ፍተሻውን አታቅልሉ፤ ዕቃውን ለውጡ።

1ኛ. ከሞተሩ መውጫ ቀጥሎ መዝጊያ ቫልቭ፣ ከእሱም ቀጥሎ የግፊት መለኪያ ግጠሙ። የልማት ቡድኑ አባላት አዋጥታችሁ አንድ መለኪያ በጋራ ብትገዙ ለሁሉም ይበቃል።
2ኛ. የመስመሩን መጨረሻ ክፍት አድርጋችሁ ውሃ ሙሉ፤ አየሩ ሁሉ ይውጣ። ከዚያ መጨረሻውን ዝጉ።
3ኛ. ሞተሩን በቀስታ አስነሡ፤ መለኪያው የሚፈለገው ላይ ሲደርስ መዝጊያ ቫልቩን ዝጉና ሞተሩን አጥፉ። መውጫው ተዘግቶ ሞተሩ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይሥራ፤ ውሃው ይግላል፣ ማኅተሙም ይጎዳል።
4ኛ. የሸራ ቱቦ በግፊት ስለሚለጠጥ መለኪያው በመጀመሪያ መውረዱ አያስደንቅም። ግፊቱን ሁለት ጊዜ መልሳችሁ አንሡና በሦስተኛው ላይ 10 ደቂቃ አንብቡ።
5ኛ. ፍተሻውን በጧት አድርጉ። ፀሐይ የተሞላውን ውሃ ሲያሞቀው ግፊቱ ስለሚጨምር የሚያፈሰው መስመር ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል።
6ኛ. ማንኛውንም መገጣጠሚያ ከመፍታታችሁ በፊት ግፊቱን በቫልቩ በኩል ቀስ ብላችሁ አስወጡ።

የጥንቃቄ ማሳሰቢያ፦ ይህ ፍተሻ በውሃ ብቻ ይሠራል። ከጎሚስታ ኮምፕሬሰር አየር አስገብቶ መፈተሽ ክልክል ነው። ውሃ ሲጨመቅ ብዙም ስለማያንስ መገጣጠሚያው ቢለቅ ግፊቱ ወዲያው ይወርዳል። የተጨመቀ አየር ግን እንደ ተሳበ ቀስት ነው፤ ሲለቅ ታፖውን እንደ ጥይት ይወረውራል። በውሃም ቢሆን ኃይሉን አትናቁት። ባለ 3 ኢንች ቱቦ በ3 ባር ሲሞላ ታፖውን የሚገፋው ኃይል ወደ 135 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ ከአንድ ኩንታል በላይ ማለት ነው። ስለዚህ ማንም ሰው በታፖው ፊት ለፊት አይቁም፤ ልጆችና ከብቶች ይራቁ።

7. ውጤቱን መዝግቡ

ፍተሻው ካለፈ በኋላ ሞተሩ የሚያወጣውን ውሃ ለኩ። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል በ30 ሰከንድ ከሞላ በደቂቃ 400 ሊትር ነው። ቀኑን፣ ከውሃው እስከ ሞተሩ ያለውን ከፍታና በርሜሉ የሞላበትን ጊዜ በደብተር ጻፉ። በየካቲት እንደገና ለኩ። ከፍታው ብዙም ሳይለወጥ ጊዜው ከረዘመ ሞተሩ ከማቋረጡ በፊት መገጣጠሚያውን ፈትሹ። ነዳጅ ይቆጠባል፤ በወንዙ ላይ ተራ ከሚጠብቀው ጎረቤት ጋርም ክርክር አይነሣም።

የሥራ መርሐ ግብር፦

ጥቅምት፦ ቱቦዎችንና ጎሚኒዎችን ማየት፣ የጎደለውን መግዛት፣ ሁለቱንም ፍተሻ ማካሄድ።
ኅዳርና ታኅሣሥ፦ በየሳምንቱ ፋሸታ ማጥበቅና ወንፊት ማጽዳት።
የካቲት፦ ውሃው መውረድ ሲጀምር የመሳቢያውን ወገን እንደገና መፈተሽ፣ ሞተሩን ወደ ታች ማስጠጋት።
ግንቦት፦ ሥራ ሲያበቃ ቱቦውን አጥቦና አድርቆ ከፀሐይና ከነዳጅ ርቆ ማስቀመጥ፤ ጎሚኒዎችን አውጥቶ ለየብቻ መያዝ።

ከሥልጠናው እንደተመለሳችሁ የመጀመሪያውን ፍተሻ በራሳችሁ ሞተር ላይ፣ የልማት ቡድናችሁ አባላት በተገኙበት አካሂዱ። የቀበሌያችሁን የልማት ጣቢያ ሠራተኛም ጥሩ። መለኪያና ታፖ ካላችሁ ለጎረቤት አውሱ፤ በአንድ ወንዝ ላይ የአንዱ ሞተር ሲቆም የሁሉም ተራ ይዛባልና።